ቀዝቃዛ በርሜል፣ ትኩስ ሞልድ፦ የሲሊኮን ጎማ ሥራ ከጂብሰም ቤት እስከ ፋብሪካ

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ሲሊኮን ጎማ ነው፤ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ፋብሪካዎች አሁን የት እንደደረሱና እኛ ከየት ብንጀምር እንደሚሻል እናያለን። እዚህ ሐዋሳ፣ በተለይ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ በጂብሰም፣ በአሉሚኒየምና መስታወት፣ በወርቅና ብር ሥራ የተሰማራችሁ፣ ቴክኒክና ሙያ የምትማሩም ወጣቶች፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የምጠራቸው ቁጥሮች አሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲሊኮን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን መስታወት ገጣሚው በመስኮቱ ዙሪያ የሚጨምቀው ቱቦ ነው። እርሱ ትንሹ ዘመድ ነው። የስልክ ሽፋን፣ የሕፃን ጡጦ ጫፍ፣ የኬክ መጋገሪያ፣ የብዙ ፕሬዠር ኩከር ክዳን ቀለበት፣ ሆስፒታል ውስጥ ለበሽተኛ የሚገባው የሽንት ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ውኃ እንዳይገባ የሚዘጋው ማሸጊያ፣ እነዚህ ሁሉ ከሲሊኮን ይሠራሉ።

መነሻው ሲሊከን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ በአሸዋና በኳርትዝ ድንጋይ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ይገኛል። የተለመደው ጎማ፣ ከዛፍ የተገኘም ይሁን ከነዳጅ፣ አከርካሪው የካርቦን ሰንሰለት ነው። የሲሊኮን አከርካሪ ግን ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ የተያያዙበት ነው። ይህ ሰንሰለት ጠንካራ ሆኖ ሳለ እንደልቡ ይተጣጠፋል። ስለዚህ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪም ላይ ሆነ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ጎማነቱን አይለቅም፤ ፀሐይም ቶሎ አይሰነጥቀውም። ድክመትም አለው። ከተፈጥሮ ጎማ ይልቅ በቀላሉ ይቀደዳል፣ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ አየርም በውስጡ ሾልኮ ያልፋል። የመኪና ጎማ የማይሠራበት ለዚህ ነው።

እንግሊዛዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ኪፒንግ ኖቲንግሃም ውስጥ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት በእነዚህ ውሁዶች ላይ ሠራ። የሚገርመው፣ በ1937 በታተመ አንድ ትልቅ ንግግሩ ዘርፉ በቅርብ ጊዜ ብዙ ተስፋ እንደማይታይበት ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ፣ በግንቦት 1940፣ አሜሪካ ውስጥ በጄኔራል ኤሌክትሪክ የሚሠራው ዩጂን ሮቾው ሲሊከንንና መዳብን አሙቆ ሜቲል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ በላያቸው በማሳለፍ የሲሊኮን ጥሬ ዕቃ በቀጥታ አገኘ። ዛሬም የዓለም ሲሊኮን የሚሠራው በመሠረቱ በዚያው መንገድ ነው። በ1969 ጨረቃ ላይ የቆመው ጫማ ሶሉ ሲሊኮን ጎማ ነበር። ኪፒንግ ተስፋ የቆረጠበት ነገር ከሦስት አሥርተ ዓመት ትንሽ ባለፈ ጊዜ ጨረቃ ላይ ወጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሐዋሳ የቆመችበት ምድር እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው፤ ብሎኬት የሚመታበት ፐሚስ ራሱ በሲሊካ የበለጸገ ነው። ታዲያ አሸዋው ሞልቶን ሲሊኮኑን ለምን ከውጭ እናስመጣለን? መልሱ አጭር ነው። በመጀመሪያ ንጹሕ ኳርትዝ ወደ 2,000 ዲግሪ በሚጠጋ የኤሌክትሪክ እቶን ቀልጦ ኦክስጅኑ ይወጣለታል፤ ለአንድ ቶን ሲሊከን ከ11 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ያላነሰ ኃይል ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አደገኛ ጋዞችን የሚይዝ ትልቅ የኬሚካል ፋብሪካ ይጠይቃል። አንድ ቀን ይሆን ይሆናል። ነገር ግን አሸዋ አለን ብሎ ከዚያ መጀመር፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጣሪያው ቤት መሥራት ነው። ሥራው ያለው ከቅርጹ ላይ ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እንግዲህ ወደ ቅርጹ። በጂብሰም ሥራ ያላችሁ እንደምታውቁት፣ የኮርኒስ ጌጥ ለማውጣት ሞልድ ያስፈልጋል። ሞልዱ ፋይበር ግላስ ከሆነ ወይም ሌላ ደረቅ ነገር ከሆነ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ ቅጠል ወይም ጎድጎድ ያለ አበባ ያለበት ጌጥ ሲወጣ ይሰበራል። ሲሊኮን ግን ይለጠጣል፤ ጌጡ ይወጣና ሞልዱ ወደ ቦታው ይመለሳል። የጣት አሻራ ሳይቀር ይገለብጣል። የብር መስቀል ሠሪዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ቅርጹን በሰም እየሠሩ፣ በሸክላ እየሸፈኑ፣ ሰሙን አቅልጠው ብረቱን ያፈሱበታል። በዚያ ዘዴ እያንዳንዱ ሰም አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። ዛሬ የዓለም ጌጣጌጥ ሠሪዎች አንዱን ሥራ በጎማ ሞልድ ይገለብጡና ሰሙን ደጋግመው ያወጣሉ። ጥበቡ ያው ነው፤ የተጨመረው መባዛቱ ነው።

አሁን አሠራሩን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የዋናው ሞዴል ገጽ ይደፈናል። ጂብሰም ወይም እንጨት ከሆነ ቀዳዳ ስላለው ሲሊኮኑ ገብቶ ይይዘዋል፤ ቫርኒሽ ወይም ቀጭን የሰም ቅብ ያስፈልገዋል። ከዚያ ሞዴሉ በሣጥን ውስጥ ይጣበቃል፤ በዙሪያውና በላዩ ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ክፍተት ይተውለታል። ስንት ሲሊኮን እንደሚፈጅ ማወቂያው ቀላል ነው። ሣጥኑን በሞዴሉ ላይ ጤፍ ሙሉበት፤ ከዚያ ጤፉን በሊትር መለኪያ ስፈሩት። አንድ ሊትር ከሆነ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ገደማ ሲሊኮን ትፈልጋላችሁ። ጤፍ ውድ ነው ካላችሁም አይጠፋም፤ ተነፍቶ ወደ ማዳበሪያው ይመለሳል።

የሞልድ ሲሊኮን በሁለት ዕቃ ይመጣል፤ ዋናውና ማርጊያው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በቆርቆሮ ንጥረ ነገር፣ ማለትም በቲን ውሁድ የሚረጋ ነው። ረከስ ያለ ነው፣ ብዙም አይነጫነጭም፤ ነገር ግን ሲረጋ አልኮል ስለሚያስወጣ ትንሽ ይኮማተራል፣ በጥቂት ዓመታትም መሰባበር ይጀምራል። ሁለተኛው በፕላቲነም የሚረጋ ነው። ምንም ነገር ሳያስወጣ ስለሚረጋ መጠኑን ይጠብቃል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ለምግብ ነክ ሥራ የሚፈቀደውም ከዚህ ወገን ያለውና አምራቹ ለዚያ ብሎ ያረጋገጠው ነው።

ፕላቲነሙ ግን ኩሩ ነው። ድኝ ካገኘ ሥራውን ያቆማል። የላቴክስ ጓንት፣ ድኝ ያለበት የቅርጻ ቅርጽ ጭቃ፣ በቲን የረጋ አሮጌ ሞልድ፣ አንዳንድ ያልደረቀ ቀለም፣ ከእነዚህ አንዱ ከነካው ሲሊኮኑ በሚነካው ቦታ ላይ ለዘላለም እንደ ማር ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል። ሰው ታዲያ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ሻጩን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጓንቱ ነው። የኒትራይል ወይም የቪኒል ጓንት ተጠቀሙ፤ አዲስ ሞዴል ሲገጥማችሁ ደግሞ በማይታይ ጥግ ላይ ጥቂት ጠብታ ሞክሩ።

ልኬቱ በግምት አይደለም፤ ግራም በሚያነብ ሚዛን ነው። በእጅ ስታማስሉ አየር ይገባል፣ አየሩም በሞልዱ ገጽ ላይ ጉድጓድ ይሆናል። ቫኪዩም ፓምፕ የሌለው ሰው መጀመሪያ በብሩሽ ቀጭን ሽፋን ቀብቶ፣ ቀሪውን ከከፍታ ላይ በቀጭኑ በአንድ ጥግ ያፍስስ፤ አረፋው በመንገድ ላይ ይፈነዳል። ፓምፕ ያለው ደግሞ ሲሊኮኑ ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚነሳ ባልዲውን ሰፊ ያድርግ። ተነስቶ ሲወድቅ አየሩ ወጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሐዋሳ ነገር አለ። የዕቃው መመሪያ የፓምፑ የግፊት መለኪያ ጌጅ ወደ 29 ኢንች እስኪደርስ ሳቡ ይላል። የእኛ ፓምፕ ግን 24 አካባቢ ደርሶ ይቆማል። ፓምፑ አልተበላሸም! መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ ከባሕር ጠረፉ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ጌጁ የሚያነበው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነ ከዚያ በላይ መውጣት አይችልም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይላል። በጌጁ ሳይሆን በዓይናችሁ ፍረዱ፤ አረፋው ተነስቶ ከወደቀ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩና አቁሙ።

የመርጊያው ጊዜ እንደ ዓይነቱ ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ነው። በቀዝቃዛ ሌሊት ይዘገያል፣ ሞቅ ባለ ክፍል ይፈጥናል። ሁለት ገጽ ያለው ሞልድ የምትሠሩ ከሆነ በገጾቹ መካከል ቫዝሊን ቀቡ። የሞልድ ሲሊኮን ከሌላ ነገር ጋር እምብዛም አይጣበቅም፤ ከራሱ ጋር ግን አንድ ይሆናል።

የመስታወቱን ቱቦ ሲሊኮን ለሞልድ እንጠቀም ወይ የሚል ጥያቄም አለ። አይመከርም። እርሱ የሚረጋው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሆነ፣ ወፍራም ሲሆን ውስጡ ለሳምንታት ለስላሳ ይቀራል። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ አሲድ ስለሚያወጣ ብረትና የመስታወት ጀርባን ይጎዳል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ከባልዲ ወደ ፋብሪካ እንሻገር። የፕላስቲክ ፋብሪካ ያያችሁ እንደምታስታውሱት፣ ፍሬው በሞቀ በርሜል ውስጥ ይቀልጣል፣ በቀዝቃዛ ሞልድ ውስጥ ይረጋል። ፈሳሽ የሲሊኮን ጎማ በሚሠራበት ማሽን ሥርዓቱ ይገለበጣል። በርሜሉ በውኃ ይቀዘቅዛል፣ ሞልዱ ከ170 እስከ 200 ዲግሪ ይሞቃል። ሁለቱ ፈሳሾች እኩል በእኩል ተቀላቅለው ትኩሱ ብረት ውስጥ ሲገቡ፣ ትንሽ ዕቃ ከሆነ በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ይረጋል። የረጋው ተመልሶ አይቀልጥም። ይህ ዘዴ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየተስፋፋ መጥቶ የሕክምናና የመኪና ዕቃ ማምረቻ ዋና መንገድ ሆኗል። ሰው ሳይነካው ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ማሽን አለ። ከግራም መቶኛ በታች የሚመዝኑ ክፍሎች ይወጣሉ። በአንድ ማሽን ውስጥ ጠንካራው ፕላስቲክ ተሠርቶ ሲሊኮኑ እዚያው ላይ የሚጣበቅበት ዘዴም አለ፤ በመኪና ገመድ መገጣጠሚያ ላይ ያለው የውኃ መከላከያ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ሕክምናው ሲሊኮንን የወደደበት ታሪክ መስማት ያለበት ነው። በ1955 አሜሪካ ፊላዴልፊያ ውስጥ የቁልፍ ፋብሪካ ቴክኒሺያን የነበረው ጆን ሆልተር ልጅ ተወለደለት። ልጁ አንጎሉ ውስጥ ውኃ የሚጠራቀምበት ሕመም ነበረበት። ውኃውን በቱቦ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ማውረድ ይቻላል፤ ደም ተመልሶ እንዳይወጣ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት በር ያስፈልጋል። ሆልተር ሐኪም አይደለም፤ የቁልፍና የጎማ ነገር ግን ይገባዋል። ቤቱ ውስጥ የተሰነጠቀ ጎማ ግፊት ሲመጣ እንደሚከፈት፣ ሲቀንስ እንደሚዘጋ ሞከረ። ችግሩ የተለመደው ጎማና ፕላስቲክ በማምከኛው እንፋሎት ሙቀት መበላሸቱ ነበር። መፍትሔው ሲሊኮን ሆነ። በ1956 በቀዶ ሐኪሙ ዩጂን ስፒትዝ አማካይነት በሕፃን ላይ ተገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሕፃናት በዚህ ዓይነት ቱቦ ተርፈዋል። በአገራችንም የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ የሚገባው ቱቦ የሲሊኮን ነው። የሆልተር የራሱ ልጅ ግን በልጅነቱ ሞተ።

በክንድ ቆዳ ሥር ከሚቀበሩት የወሊድ መቆጣጠሪያዎች መካከል ጃዴል የሚባለው ሁለት የሲሊኮን ዘንግ ነው፤ መድኃኒቱ በጎማው ግድግዳ በኩል ቀስ እያለ እስከ አምስት ዓመት ይወጣል። ቅድም አየር ያሳልፋል ብዬ እንደ ድክመት የቆጠርኩት ጠባይ እዚህ ጥቅም ሆነ። በአገራችን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በስፋት የተሰጠው ኢምፕላኖን ግን ከሌላ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ አትቀላቅሏቸው።

አዲሱ ነገር ያለ ሞልድ መሥራት ነው። በ2016 ዋከር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሲሊኮንን በጠብታ ጠብታ እየደረደረ በብርሃን የሚያረጋ ማተሚያ አቀረበ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያን አገልግሎት ዘጋው፤ ሌሎች በተለያየ መንገድ ቀጥለዋል። በዚያው 2016 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሙሉ በሙሉ ለስላሳ የሆነች፣ ባትሪ የሌላት የኦክቶፐስ ቅርጽ ሮቦት ከሲሊኮን ሠሩ፤ ሞልድና ማተሚያን አጣምረው። ማተሙ አንድ ለሆነ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለአንድ ሰው ጆሮ ልክ ለሚሠራ ነገር፣ ያዋጣል። አሥር ሺህ ቀለበት ለማውጣት ግን ብረቱን የሚስተካከል የለም። ለእኛ አሁን የሚጠቅመው ማተሚያ ርካሹ የፕላስቲኩ ነው፤ ሞዴሉን አትሞ፣ ገጹን በአሸዋ ወረቀት አለስልሶ፣ ሲሊኮኑን በላዩ ማፍሰስ ይቻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ታዲያ ሐዋሳ የት ትግባ? በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትምህርት ይሰጠናል። ከልብስ ስፌቱ ጋር ብዙ ነገር አብሮ መጣ፤ የስፖርት ልብስ ላይ በሙቀት የሚታተም አርማና ወገብ ላይ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ መስመር በዓለም ገበያ ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ማሟያ ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣ ነው። በ2021 መጨረሻ ፒቪኤች የተባለው ትልቅ ኩባንያ ፋብሪካውን መዝጋቱን ሲያስታውቅ፣ በ2022 መግቢያም ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ስትወጣ፣ ለአንድ ገዢና ለአንድ ገበያ ብቻ የቆመ ሥራ ምን ያህል እንደሚንገዳገድ አየን። በእኔ ግምት ቀጣዩ እርምጃ የአገር ውስጥ ጥገና የሚፈልገውን ትንሽ ዕቃ መሥራት ነው።

ለዚህ ቅድም ያየነው ውዱ የፈሳሽ ሲሊኮን ማሽን አያስፈልግም። በጂብሰም ቤቱ ባልዲና በዚያ ማሽን መካከል አንድ ነገር አለ፤ የሙቀት ፕሬስ። እንደ ሊጥ የሚቦካ ጠጣር ሲሊኮን በሁለት የብረት ወይም የአሉሚኒየም ሰሌዳ መካከል ይገባል፣ ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ሞቆ ለጥቂት ደቂቃ ይጫናል፣ ከዚያ ለአራት ሰዓት ገደማ በ200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ይቆያል፤ የማርጊያው ትርፍራፊ እንዲወጣ። የማኪያቶ ማሽን ቀለበት፣ የእስቲም ማሽን ማሸጊያ፣ የፓምፕ ጋስኬት በዚህ ይወጣል። መንግሥት ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ማሸጊያና መከላከያ ፈላጊ እየበዛ ነው።

የሚጎድለው ሰሌዳውን በልኩ የሚቆርጥ እጅ ነው። ፈሳሹ ሲሊኮን ከሚሊሜትር መቶኛ ባነሰ ክፍተት ሾልኮ ይወጣል፤ ጠጣሩ ትንሽ ይታገሣል፤ ሁለቱም ግን ሲቀዘቅዙ ከሁለት እስከ አራት በመቶ ስለሚያንሱ ሞልዱ በዚያ ልክ ተለቅ ብሎ መቆረጥ አለበት። 50 ሚሊሜትር ቀለበት የሚፈልግ ሰው 50 ከቆረጠ 48 ተኩል ይዞ ይወጣል። በየኮሌጁ ያለው የሚሊንግ ማሽን ለዚህ ይበቃል፤ ተማሪው በመመረቂያ ሥራው አንድ ትክክለኛ ሞልድ ቢቆርጥ፣ ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይልቅ ሥራ ያስገኝለታል ባይ ነኝ።

ለገዢዎችም አንድ ነገር። ሲሊኮን ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሲሊኮን አይደለም። ከማትፈልጉት ጠርዝ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ውጭ፣ ነፋስ ባለበት፣ በመቆንጠጫ ይዛችሁ አቃጥሉ። እውነተኛው ሲሊኮን ነጭ አመድ ይተዋል፤ እርሱም ወደ መነሻው፣ ወደ ሲሊካ መመለሱ ነው። ጥቁር ጥላሸት እያጨሰ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሌላ ፕላስቲክ ነው። ይህ ሙከራ ስለ ዓይነቱ ይናገራል እንጂ ለሕፃን አፍ ተስማሚ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የጡጦ ጫፍ ሲያረጅና ሲሰነጠቅ ደግሞ ምንም ዓይነት ቢሆን ይጣላል።

ሞልድ ሠሪዎች፣ ያረጀውን ሞልድ ግን አትጣሉት። ሲሊኮን አይቀልጥም፤ በ2025 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በጋሊየም እየታገዙ ወደ ጥሬ ዕቃው የሚመልሱበትን ዘዴ አሳትመዋል፤ እርሱ ግን ገና የቤተ ሙከራ ነገር ነው። እናንተ አሮጌውን አጥባችሁ እንደ ስኳር ድንጋይ ቆራርጡት። አዲሱን ሞልድ ስታፈሱ መጀመሪያ ሞዴሉን በሁለት ሴንቲሜትር አዲስ ሲሊኮን ሸፍኑ፤ ከዚያ ቁርጥራጩን በላዩ በትኑና ቀሪውን አፍስሱ። ከራሱ ጋር ስለሚጣበቅ አንድ ይሆናል፣ ወጪውም ይቀንሳል። የቲኑን ከቲን፣ የፕላቲነሙን ከፕላቲነም ብቻ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የሙቀት ፕሬስ ሰሌዳ አቆራረጥን ከልኬቱ ጋር እናያለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)